የመሻገሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመምረጥ የሚያመነታ ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አዲሱ ነው፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ያምራል፣ የትኛው ከቫይረስ ይጠብቃል፣ የትኛውስ በነጻ ይገኛል የሚል። ስለ አሮጌው የሚያነሳ ጥቂት ነው። የኮምፒውተርን የስድሳ ዓመት ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመረምር ሰው ግን ገበያውን ደጋግሞ የወሰነው ሌላ ጥያቄ ሆኖ ያገኘዋል፤ ዛሬ የምሠራበት ፕሮግራም ነገም ይነሳልኛል ወይ? የሂሳብ ሠራተኛው የደመወዝ ፕሮግራሙን፣ ጸሐፊዋ የዓመታት ደብዳቤዎቿን፣ ባንኩ የደንበኞቹን መዝገብ ጥሎ እንዲሻገር ማሳመን ምንጊዜም ከባድ ነው፤ አዲሱ ማሽን የቱንም ያህል የተሻለ ቢሆን። የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሳል። አሮጌ ሶፍትዌርን በአዲስ ሲስተም ላይ ማሠራት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይቻላል። ይሁንና ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። አንዳንዴ አምራቹ ይከፍላል፣ አንዳንዴ ፕሮግራመሩ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይጠየቅ ተጠቃሚው። የትኛው ሲስተም እንዳሸነፈና የትኛው እንደወደቀ ለመረዳት ሂሳቡ በማን ስም እንደተጻፈ ማየት ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የግል ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ይጀምራል። አይቢኤም በ1959 ያወጣው 1401 የተባለ ማሽን ከ10,000 በላይ ተሸጦ ነበር፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው። መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ፣ የመጋዘንና የሂሳብ መጠየቂያ ፕሮግራሞቻቸውን ለእሱ ብለው ጻፉ። ኩባንያው ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ሲስተም 360ን ሲያስተዋውቅ ታላቅ ሐሳብ ይዞ ነበር፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ ያሉ ማሽኖች አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ፣ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይም ይሠራል። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምናየው ይህ ሐሳብ ያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ እያንዳንዱ የማሽን ዓይነት የራሱን ትእዛዝ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ክፍተቱ ግን አዲሱ ቤተሰብ ራሱ ከ1401 ጋር የማይግባባ መሆኑ ነበር። ተፎካካሪው ሃኒዌል ይህን ክፍተት ቀድሞ አይቶታል። በታኅሣሥ 1963 ሃኒዌል 200ን ሲያስተዋውቅ የ1401 ፕሮግራሞችን ወደ አዲሱ ማሽን የሚያዛውር «ሊበሬተር» የተባለ ፕሮግራም አብሮ አቀረበ፤ የአይቢኤም ደንበኞችም ፊታቸውን ወደዚያ ማዞር ጀመሩ። የአይቢኤም መሐንዲሶች የሰጡት ምላሽ አነስተኛው 360 የውስጥ ትእዛዙን ቀይሮ እንደ 1401 እንዲሠራ የሚያደርግ ኢሙሌተር መግጠም ነበር። ደንበኞች አዲሱን ማሽን ገዝተው አሮጌውን ሥራ ሠሩበት፤ ብዙዎችም ለዓመታት በዚያው ቀጠሉ። አይቢኤም ለ360 ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አፍስሷል፤ ከዚህ ውስጥ የኢሙሌተሩ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ቀሪው ገንዘብ ፍሬ እንዲያፈራ በሩን የከፈተው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋውን የከፈለው አምራቹ ነበር፤ ሳይከፈለውም አልቀረም። ለ360 የተጻፉ የሥራ ፕሮግራሞች ዛሬ በሚሸጡት የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ላይም ይነሳሉ።

የግል ኮምፒውተር ሲመጣ ይኸው ታሪክ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ሰዎች እጅ ተደገመ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የትንንሽ ኮምፒውተሮች ዋና ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲፒኤም ነበር፤ የሠራው የዲጂታል ሪሰርች መሥራች ጋሪ ኪልዳል ነው። ኢንቴል በ1978 8086 የተባለውን ቺፕ ሲያወጣ ለቀድሞው 8080 የተጻፈ ፕሮግራም ያለ ብዙ ድካም ወደ አዲሱ እንዲገለበጥ አድርጎ ነበር የነደፈው። ቲም ፓተርሰን የተባለ ፕሮግራመር በ1980 በሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ለዚህ ቺፕ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጽፍ፣ ፕሮግራሞች አገልግሎት የሚጠይቁበትን መንገድ ሆን ብሎ ከሲፒኤም ጋር አመሳሰለው፤ ከሲፒኤም የሚመጣ ፕሮግራም ደጃፉን እንዳይስት። ማይክሮሶፍት ይህን ሥራ በሐምሌ 1981 ገዛ፤ በወሩ ነሐሴ 12 አይቢኤም ፒሲ ሲወጣም ዶስ ተብሎ አብሮት ወጣ። ዲጂታል ሪሰርች ለዚሁ ማሽን ያዘጋጀው ሲፒኤም ከወራት በኋላ ደረሰ፤ ዋጋውም 240 ዶላር ነበር፤ ዶስ ደግሞ 40። ስድስት እጥፍ የዋጋ ልዩነት ቀላል እንዳልሆነ አልክድም፤ ብዙ ሰዎችም ነገሩ በዚያ ተወሰነ ይላሉ። ርካሽ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር፤ ባዶ ሲስተም በነጻ ቢሰጥም የሚሠራበት የለም። እንደ ወርድስታርና ዲቤዝ ያሉ በሲፒኤም ላይ ስም ያወጡ ፕሮግራሞች በቀላሉ ተሻግረው ስለመጡ ነው ዶስ ባዶ ያልሆነው። ሲፒኤምን ያሸነፈው የሲፒኤምን ፕሮግራሞች ተቀብሎ ያስተናገደ ሲስተም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የኦኤስ ቱ ውድቀት ነው። አይቢኤምና ማይክሮሶፍት በጋራ ሠርተው በሚያዝያ 1987 ያስተዋወቁት ይህ ሲስተም ከዶስ እጅግ የተሻለ ነበር፤ ብዙ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ያካሂዳል፣ አንዱ ፕሮግራም ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ይከላከላል። ነገር ግን የተነደፈው አይቢኤም ለደንበኞቹ በብዛት ለሸጠው 286 ቺፕ ነበር፤ ይህ ቺፕ ደግሞ ከአዲሱ አሠራር ወደ ዶስ አሠራር መመለስ ያስቸግረዋል። ስለዚህ ተጠቃሚው ማስነሳት የሚችለው አንድ የዶስ ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሙሉ ስክሪኑን ይዞ በጠባብ ሜሞሪ ይሠራል፤ ወደ ሌላ ሥራ ዞር ሲሉም ቀጥ ይላል። ተጠቃሚዎች ያችን ክፍል «የቅጣት ሳጥን» ብለው ጠሯት። ግንቦት 1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 በአንጻሩ በዶስ ላይ የተደረበ፣ መሠረቱም ያልጸና ነበር፤ ሆኖም 386 ቺፕ ባለው ማሽን ላይ በርካታ የዶስ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱን በየመስኮቱ ያሠራ ነበር። ሰው በእጁ የያዛቸው ፕሮግራሞች የዶስ ነበሩና ምርጫው ብዙም አላስቸገረውም።

እዚህ ላይ ክርክሬን የሚፈትን ተቃውሞ ይነሳል። አይቢኤም ስህተቱን አርሞ በ1992 ኦኤስ ቱ 2.0ን ሲያወጣ የዶስንም የዊንዶውስንም ፕሮግራሞች በጥሩ ሁኔታ የሚያሠራ ሲስተም አቅርቧል፤ ከባለቤቶቻቸው አስበልጬ አሠራቸዋለሁ ብሎም አስተዋውቋል። አሮጌውን ማስተናገድ ያሸንፋል ከተባለ ይህ ለምን ወደቀ? መልሱ ከፋዩ ማን እንደነበር ሲታይ ይገኛል። አይቢኤም የራሱን አሮጌ ሳይሆን የተፎካካሪውን ፕሮግራሞች ለመሸከም ነበር የሚከፍለው፤ የዊንዶውስን ኮድ በውስጡ ለማካተትም ለማይክሮሶፍት ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ፕሮግራመሩ ደግሞ ለዊንዶውስ አንድ ጊዜ ከጻፈ ሁለቱንም ገበያ ያገኛል፤ ለኦኤስ ቱ ተብሎ የሚጻፍበት ምክንያት ጠፋ። ነሐሴ 24 ቀን 1995 ዊንዶውስ 95 ወጥቶ አዲሶቹ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ሲስፋፉ አይቢኤም የሌላውን ሰው እርምጃ ከኋላ መከተል ግድ ሆነበት፤ ሊደርስበትም አልቻለም። በ2006 ማብቂያ ድጋፉን አቋረጠ። የራሱን ትናንት የሚሸከም ሲስተም ደንበኛ ያቆያል፤ የሌላውን ትናንት የሚሸከም ግን ሳያውቀው ለዚያ ለሌላው ይሠራል።

ማይክሮሶፍት የራሱን ትናንት ለመሸከም ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ሁለት ነገሮች ይናገራሉ። አንደኛው ሲምሲቲ የተባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታ ነው። ጨዋታው አንድ ስህተት ነበረበት፤ ጨርሻለሁ ብሎ የመለሰውን ሜሞሪ ተመልሶ ያነብ ነበር። በዊንዶውስ 3 ዘመን ያ ቦታ ወዲያው ለሌላ ስለማይሰጥ ስህተቱ ሳይታወቅ አለፈ፤ በዊንዶውስ 95 ሙከራ ላይ ግን ጨዋታው መውደቅ ጀመረ። ጥፋቱ የጨዋታው ነው፣ ይታረም ማለት ይቻል ነበር። የማይክሮሶፍት ሰዎች ያደረጉት ግን ሲስተሙ ሲምሲቲ መነሳቱን ለይቶ እንዲያውቅና ለእሱ ብቻ ሜሞሪውን ቶሎ እንዳያስረክብ ማድረግ ነበር። ደንበኛው ጨዋታውን ገዝቶታልና፣ ቢበላሽ የሚወቅሰው አዲሱን ዊንዶውስ ነው። ሁለተኛውን ዛሬም ማንም ሊሞክረው ይችላል። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፎልደር ከፍቶ ሲ፣ ኦ እና ኤን በተባሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ ልሰይመው የሚል ሰው ሲስተሙ እምቢ ይለዋል። ስሙ ከመጀመሪያው ዶስ ጀምሮ ለኪቦርዱና ለስክሪኑ የተያዘ ነው። ያ ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በ1983 ፎልደር ሲጨመር የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይደናገሩ እነዚያ ስሞች በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ እንደተያዙ እንዲቀሩ ተወሰነ። ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ ታማኝነት በጎ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታካሚዎች ቀጠሮ ሲሰረዝ፣ ቫይረሱ የገባበት በር በ1980ዎቹ የተጀመረና ለአሮጌ ማሽኖች ሲባል ክፍት የቆየ የፋይል መጋሪያ ዘዴ ነበር። ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ማረሚያ አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ቦታ ግን አልተጫነም። እዚህ ላይ ዋጋውን የከፈለው አሮጌውን ዘዴ ጨርሶ የማይጠቀም ሰው ጭምር መሆኑ ያሳዝናል። ከዚህ ተነስተው አሮጌው በሙሉ ይቆረጥ የሚሉ አሉ። እኔ ከዚያ የማገኘው ትምህርት ጠበብ ያለ ነው፤ አሮጌው በር ለሁሉም ተከፍቶ መዋል የለበትም፣ ለሚያስፈልገው በጥያቄ ይከፈት። በዚያው ዓመት ጥቅምት የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ዘዴውን ሳይጭን መምጣት ጀመረ፤ የሚፈልገው ግን አሁንም ራሱ ሊያበራው ይችላል። ጨርሶ የተቆረጠም አለ። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስንና የመጀመሪያዎቹን ዊንዶውሶች ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች አያነሳም። በዚያ ዘመን ብዙ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች መጫኛቸው ብቻ 16 ቢት ነበር፤ ፕሮግራሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በደጃፉ ላይ ይቀራል። ማይክሮሶፍት ይህን ስላወቀ የታወቁትን መጫኛዎች እየለየ በአዲስ የሚተካ ኮድ በሲስተሙ ውስጥ አስቀመጠ። የቆረጠውንም ሲቆርጥ ስፌቱን አልተወም።

የአፕል ታሪክ ብዙ ጊዜ ለተቃራኒው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ አሮጌውን ያለ ርኅራኄ ጥሎ ይኸው አደገ ይባላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አፕል በ1994 ከሞቶሮላ 68000 ቺፖች ወደ ፓወርፒሲ ሲሻገር ኢሙሌተሩን በሲስተሙ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ አብዛኛው ተጠቃሚ መሻገሩ እንኳ አልታወቀውም። ኔክስት የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ አዲስ ሲስተም ለመሥራት ሲነሳ ግን የመጀመሪያው እቅዱ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን እንደገና እንዲጽፉ የሚጠይቅ ነበር። አዶቤና ማይክሮሶፍትን የመሳሰሉት ትልልቆቹ አልተቀበሉትም። ፎቶሾፕና ዎርድ የሌለበት ማኪንቶሽ ማን ይገዛል? አፕል ወደ ኋላ ተመልሶ በ1998 ካርቦን የተባለውን መንገድ አቀረበ፤ አሮጌው ኮድ በመጠኑ ተስተካክሎ ወደ አዲሱ እንዲገባ የሚያስችል ነው። መጋቢት 2001 ማክ ኦኤስ ቴን ሲወጣም የቀድሞው ሲስተም «ክላሲክ» በሚል ስም በውስጡ ይነሳ ነበር። ስቲቭ ጆብስ በግንቦት 2002 በፕሮግራመሮች ጉባኤ መድረክ ላይ የሬሳ ሣጥን አስወጥቶ ማክ ኦኤስ 9ን በይፋ ሲቀብር ሟቹ በእያንዳንዱ አዲስ ማኪንቶሽ ውስጥ ገና ይሠራ ነበር። በ2006 ወደ ኢንቴል ሲሻገር ሮዜታ የተባለውን መተርጎሚያ፣ በ2020 ወደ ራሱ ቺፕ ሲሻገር ሁለተኛውን ሮዜታ አዘጋጀ። የአፕል ልዩነት ድልድዩን አለመሥራቱ አይደለም፤ ድልድዩን ቀን ቆርጦ ማፍረሱ ነው። የመጀመሪያው ሮዜታ በ2011 ተወገደ፤ በ2019 ደግሞ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች በሙሉ መነሳት አቆሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ከፋዩ ፕሮግራመሩ ነው፤ ፕሮግራመሩ ከሌለ ተጠቃሚው። ይህ አካሄድ ለአፕል የሚሠራው ደንበኞቹ በአብዛኛው የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ዛሬም የሚያሻሽላቸው ኩባንያ ስላላቸው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ጽፎለት በሄደ የደመወዝ ፕሮግራም ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ግን የድልድዩ መፍረስ የሥራው መቆም ነው።

መሥሪያ ቤት ከተነሳ የጀርመኗን ሙኒክ ማለፍ አይቻልም። የከተማዋ ምክር ቤት በ2003 ወደ 14,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ከዊንዶውስ ኤንቲ ወደ ሊኑክስ ለማሻገር ሲወስን ነገሩ ትልቅ ስለነበር የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር ራሱ ከንቲባውን ክርስቲያን ኡደን ለማሳመን ወደ ከተማዋ ሄዶ ነበር። ሊሙክስ የተባለው ይህ ሥራ አሥር ዓመት ፈጀ። የፈጀው ደግሞ ሊኑክስን ለመጫን አልነበረም። እያንዳንዱ መምሪያ በዎርድና በኤክሴል ላይ ለራሱ የሠራቸው ቅጾችና ማክሮዎች፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፉ የሥራ ፕሮግራሞች ናቸው ጊዜውን የበሉት። ከተማዋ ቅጾቹን አንድ ለማድረግ ዎልሙክስ የተባለ ፕሮግራም ራሷ እስከ መጻፍ ደረሰች። ሥራው በ2013 ተጠናቀቀ ተባለ፤ በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ፖለቲካ አልነበረበትም አልልም፤ ከንቲባው ተቀይሮ ነበር። ሆኖም ለተቃዋሚዎቹ ዘወትር መከራከሪያ የሆነው ያ ሳይሻገር የቀረው የዊንዶውስ ፕሮግራም ነበር።

ጀንዳርመሪ የተባለው የፈረንሳይ የጸጥታ ኃይል በዚያው ዘመን ወደዚያው ሊኑክስ ሲሄድ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በ2005 ዊንዶውሱን ሳይነካ የቢሮ ፕሮግራሙን ወደ ኦፕን ኦፊስ ቀየረ። በዓመቱ ብራውዘሩንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ወደ ፋየርፎክስና ተንደርበርድ ለወጠ። እነዚህ ሁሉ በዊንዶውስም በሊኑክስም የሚሠሩ ናቸው። ሠራተኛው ከለመዳቸው በኋላ፣ ከ2008 ጀምሮ፣ ከሥራቸው ያለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ኡቡንቱ መቀየር ጀመረ፤ እስከ 2014 ከ60,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተሻገሩ። አልተመለሰም። የጦር ሠራዊት ሥርዓት ያለው ድርጅት ስለሆነ ነው፣ ትእዛዝ ይከበራል የሚል ይኖራል፤ እውነትነት አለው። ግን ትእዛዝ የማይነሳ ፕሮግራምን አያስነሳም። ዋጋው በጊዜ ተከፋፍሎ፣ በትንሽ በትንሹ የተከፈለ ስለሆነ ነው የተቻለው።

በሊኑክስ በኩል ሌላ ዓይነት ከፋይም አለ፤ በጎ ፈቃደኛው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስነሳው ዋይን በ1993 ተጀምሮ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው በ2008 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት የብዙ ሰዎች ድካም። ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በ2018 በዚያ ላይ ተመሥርቶ ፕሮቶንን ካወጣ ወዲህ በሊኑክስ ላይ የሚነሱት የዊንዶውስ ጨዋታዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የኦኤስ ቱ ጥላ ግን እዚህም አለ፤ ለሊኑክስ ብሎ ጨዋታ የሚጽፍ ለምን ይድከም?

ዛሬ ሁሉም ነገር በብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚሉም አሉ። ደቡብ ኮሪያ መልስ አላት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለኢንተርኔት ባንክ አገልግሎት የራሷን የምስጢር አጻጻፍ ዘዴ ስትመርጥ ሥራ ላይ የዋለው አክቲቭ ኤክስ በተባለ፣ በዊንዶውስ ላይ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ በሚሠራ ዘዴ ነበር። ገንዘብ ለመላክ የፈለገ ዜጋ ለረጅም ዓመታት ዊንዶውስ ግድ ሆነበት። ማይክሮሶፍት ያንን ብራውዘር በ2022 ሲያሰናብት እንኳ አሠራሩን በአዲሱ ኤጅ ውስጥ አስቀርቶ ቢያንስ እስከ 2029 እደግፈዋለሁ ብሏል። የደቡብ አፍሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ደግሞ አዶቤ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ ሲያቋርጥ አንዳንድ ቅጾቹ በፍላሽ የተሠሩ ስለነበሩ ፍላሽን የሚያስነሳ የራሱን ብራውዘር አውጥቶ ለግብር ከፋዩ እስከ ማደል ደረሰ። ብራውዘሩ ራሱ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሆኗል፤ ትናንቱም አብሮት ይከተለዋል።

ይህ ታሪክ አማርኛ የሚጽፈውን ሰው የሚነካው በተለየ መንገድ ነው፤ የእኛ ጉዳይ ፕሮግራሙ መነሳቱ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያልና። ከዩኒኮድ በፊት አንድ ተራ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። ፊደላችን ከነዲቃላዎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሠሪ የራሱን ብልሃት ፈለገ፤ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ፊደልና ቅጥያ እየገጣጠመ ሠራው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም በዚህ መንገድ መሥሪያ ቤቱን፣ ማተሚያ ቤቱንና በውጭ አገር ያለውን ማኅበረሰብ አገልግለዋል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ግን በአንዱ «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነበር። ለኮምፒውተሩ ጽሑፉ የላቲን ፊደላት ዝርዝር ነው፤ አማርኛ ያደረገው ፎንቱ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በኢሜይል የተላከ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ቃል ፈልጎ ማግኘት፣ በፊደል ተራ መደርደር አይታሰብም። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። መንገዱ ተከፈተ።

ሆኖም ሰው ወዲያው አልተሻገረም፤ ምክንያቱ ደግሞ የዊንዶውስ ታማኝነት ራሱ ይመስለኛል። አሮጌዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ መነሳታቸውን ስለቀጠሉ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። ዩኒኮድ ከመጣ ከዓመታት በኋላም ደብዳቤው፣ መጽሐፉ፣ ቃለ ጉባኤው በአሮጌው ኮድ መከማቸቱን ቀጠለ። ፕሮግራሙ ደህና መሆኑ የሰነዱን እስር ሸፈነው። ማይክሮሶፍት በዚህ ዕዳ የለበትም፣ በእሱ በኩል የተሰበረ ነገር የለምና፤ የከፈለውና አሁንም የሚከፍለው ጸሐፊው ነው። መለወጫ ፕሮግራም አለ አይደለም ወይ? አለ፤ ግን ለእያንዳንዱ ፎንት የራሱ ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል። አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ሰነድ ከሆነ ደግሞ የትኛው መስመር የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚነግረው ከእያንዳንዱ ቃል ጋር የተቀመጠው የፎንት ስም ብቻ ነው። ጽሑፉን ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ የለጠፈ ሰው ያን ስም በዚያው ያጣዋል፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውም አብሮ ወደ ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይለወጣል።

ጥቅምት 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ ሂሳቡ በአዲስ ስም ተጻፈ። ዊንዶውስ 11 አሮጌ ፕሮግራሞችን በደንብ ይቀበላል፤ የማይቀበለው አሮጌውን ማሽን ነው። ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ቺፕና ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ በዚህም ገና በደንብ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ከመስመር ወጡ። ያገለገለ ኮምፒውተር በሚገዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤቱ አዲስ ማሽን ይገዛል፣ ወይም የደህንነት ማረሚያ ለሌለው ሲስተም ራሱን ያጋልጣል፣ ወይም ወደ ሊኑክስ ይሻገራል። ሰነዶቹ በዩኒኮድ የተጻፉ መሥሪያ ቤት ሦስተኛውን ቢመርጥ ለአማርኛው የሚከፍለው አንድ ኪቦርድ የመልመድ ዋጋ ነው። በአሮጌው ኮድ የተጻፈ ማህደር ያለው ግን መጀመሪያ ሰነዱን፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙን፣ ሲስተሙን በመጨረሻ መቀየር ይኖርበታል። የፎንቶቹን ስም ከነቦታቸው የያዘው ያ አሮጌ ፋይል ነው፤ በትክክል የሚያሳየውም ፎንቱና መጻፊያው የተጫኑበት ያ አሮጌ ማሽን፤ ልወጣውም መሠራት ያለበት ማሽኑ ገና በሚነሳበት ጊዜ ነው።